አንጓ

ቶርላይቭ ሲመጣ ኮፍያውን አይሰቅልም፤
መስቀያው ከፍ ይላል፣ ክንዱ እዚያ አይደርስም።
ጭኑ ላይ ያኖራል፣ እንደ ታመመች ድመት።
ኅዳር ነው። ቫርዶ ላይ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።
ፀሐይ ከሄደች ሳምንቷ፤ መስኮቱ ጥቁር መስታወት፤
ውጭ የጀልባ መብራት፣ ውስጥ አልጋ፣ ፎጣ፣ ቅባት።

«አውልቅ» እለዋለሁ። ግራው ቀኙን ያግዛል፤
ሹራቡ ብብቱ ጋ እንደ መረብ ይያዛል።
አርባ ዓመት ገመድ ስቦ ባሕር ያልረታው ትከሻ
ዛሬ በገዛ ከረጢቱ ታስሮ ፈለገ ወጌሻ።

ማዕዘን መለኪያ ዘረጋሁ። ክንዱን አነሣ። ስልሳ።
ከዚያ ወዲያ አጥንቱ ዝም፤ አንዳች የለም የሚነሣ።
«ያምሃል?»
«አያምም» አለ፣ ጣሪያውን እያየ፤
በካልሲው ውስጥ ግን አውራ ጣቱ ከቃሉ ተለየ፤
ጥፍሩን ቆልምሞ፣ ታጥፎ፣ መሰከረ።
ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔ እግሩ ላይ ቀረ።

አንጓ በር አይደለም፣ ረግጠው አይገቡበትም፤
እልህ የሸተተው እንደሁ ጭራሽ አይላወስም።
እንደ ድንጉጥ ፈረስ ነው፤ መዳፍ አስለምዶ፣
ከትንፋሹ ጋር ወጥቶ፣ ከትንፋሹ ጋር ወርዶ፣
ሲያላላ ልገባ፣ ሲይዝ ልመለስ፤
ሚሊሜትር ለምኜ ግማሿን ልወርስ።

ማክሰኞ፦ ስልሳ አምስት።
ማክሰኞ፦ ስልሳ አምስት።
ማክሰኞ፦ ስልሳ። (ሌሊት ተኝቶበት።)
ማክሰኞ፦ ሰባ ሁለት፤
የዚያን ዕለት፣ ሳልጠይቀው፣ አንድ ነገር አከለበት፦
«ከመስከረም ወዲህ እኔ በወንበር ነው የምተኛው፤
ሃልዲስ ባልጋው ዳር ናት፤ ሰፍቶባታል ሌላው።»
ለዚህኛው ርቀት መለኪያ አልነበረኝም፤
ቅባት ጨምሬ ጫንኩ፤ ምንም አልመለስኩም።

የኔን ነገር ላውራ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ
የሰው ቋጠሮ ሲፈቱ አውራ ጣቶቼ ዛሉ፦
የፖስታ ቤቷን ጸሐፊ ጉልበት፣ የዓሣ ፋብሪካውን ዘበኛ አንገት፣
የቄሱንም መንጋጋ፣ ስብከት መሀል የቆለፈበት።
ጠዋት ጠዋት የማርማላታ ክዳን አይከፍቱም፤
ቁልፍ ሲያዞሩ ይጮኻሉ፤ ማንም አይሰማቸውም።
ደበቅሁት። ወጌሻዋ ታመመች ቢባል ማን ይመጣል?
ጣት ሲከዳ በቡጢ፣ ቡጢ ሲደክም በክርን ይሠራል።

ጥር ገባ። ባሕሩ ጠርዝ ላይ
ቀጭን ብርቱካን መስመር፣ ገና ያልሆነች ፀሐይ።
ቶርላይቭ በሆዱ እንደተኛ፣ አፉ ፎጣው ውስጥ ነው፦
«ባለፈው ወር በጣትሽ ነበር፤ አሁን በክርንሽ ነው።
አውራ ጣትሽ የት ሄደ?»
«የትም። ደህና ነው።»
«ያምሻል?»
«አያምም።»
ቃል ሳይጨምር ተነሣ፣ አልጋው ጠርዝ ተቀመጠ፤
ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ እግሬ ላይ አፈጠጠ።

ከሱሪው ኪስ አወጣ የመረብ ክር፣ ሬንጅ የሸተተ፤
አውራ ጣቴን ከሥሩ ይዞ፣ አላጠበቀ፣ አልጎተተ፣
እንደ ስምንት ቁጥር ጠመጠመ፣ መሀሉን አቆራረጠ።
«ሲያምሽ ንገሪኝ» አለ፤ የኔኑ ቃል፣ በኔው ዜማ።
«አዎ፣ እዚያ ጋ» አልኩት። አላላ። ሌላ መንገድ ተስማማ።

ከዚያ ቋጠሮውን ሊያጠብቅ ክሩን በቀኙ ሲስበው
ክንዱ ወጣ፤ ከደረቱ፣ ከአገጩ፣ ከጆሮው፣
ከቅንድቡ በላይ ወጣ፤ እሱ ልብም አላለው።
ስንት ዲግሪ ይሆን? መለኪያው መሳቢያ ውስጥ ነው፤
እጄ ደግሞ እሱ እጅ ላይ፣ እንደ ጀልባ የታሰረው።

ሊወጣ ሲል ኮፍያውን ይዞ መስቀያው ሥር ቆመ፤
ወረወረው። ሳተ። አነሣው። ሳቀና ደገመ።
መዝገቡ ላይ በግራ እጄ፣ ፊደሉ እየተጣመመ፦
ማክሰኞ፦ አልለካሁም።